የምድር ቤቱ ዋንጫ

ዜንኮ የላስቲክ ቦቲውን አጥልቆ የምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሟል፤ ውሃው ከፍ ሲል ያያል። ሰሞኑን ዝናቡ ስላላባራ ከወንዙ በኩል የሚሰርገው ውሃ ሌሊቱን ሲጠራቀም አድሮ የአግዳሚ ወንበሮቹን እግር ግማሽ በግማሽ ውጦታል። ፓምፑ ጥግ ላይ ጸጥ ብሏል። ማታ ያጠፋው ዜንኮ ራሱ ነው። ማብሪያውን ቢጫነው ይነሣል። አልተጫነውም።

ከላይ፣ ከመቀመጫዎቹ በኩል፣ ከበሮ ይሰማል። ግማሹ ከተማ ቢጫ ስካርፍ ጠምጥሞ ወደ ስታዲየሙ እየጎረፈ ነው፤ ይሄ ሁሉ ለሶኒያሽኒክ ነው። የዘይት ፋብሪካው ባለቤት የዛሬ ሦስት ዓመት ክለቡን ሲያቋቁም በፋብሪካው ስም ሶኒያሽኒክ፣ የሱፍ አበባ፣ ብሎ ሰየመው። ዜንኮ ያን ጊዜ ስቆ ነበር። "ዘይቱን ይጭመቅ እንጂ ኳስ ምን አገባው" ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። አበቦቹ (ዜንኮ እንዲህ ነው የሚላቸው) በመጀመሪያው ዓመት የመንደር ቡድኖችን አንድ በአንድ ጠረጉ፣ በሁለተኛው ዓመት ፕሮፌሽናል ሆኑ፣ ዛሬ ካሸነፉ ደግሞ አንደኛ ሊግ ሊገቡ ነው። የዜንኮ ክለብ፣ የቤት ዕቃ ፋብሪካው ሜብለቪክ፣ ዕድሜ ልኩን ሲፍጨረጨር ያን ደጃፍ አልረገጠም። ፋብሪካው ሲዘጋ ክለቡም አብሮ ሞተ። ልጆቹ ገሚሶቹ ጦር ግንባር ናቸው፣ ገሚሶቹ ውጭ አገር። የቀረው ይሄ አሮጌ ስታዲየም፣ ምድር ቤት መደርደሪያ ላይ የተደረደሩ ዋንጫዎችና ዘበኛው ዜንኮ ናቸው፤ የድሮው በረኛ፣ የመጨረሻው አሠልጣኝ።

ይሁን፣ ይሄንንስ ይችለው ነበር። አንጀቱን ያሳረረው የአበቦቹ አሠልጣኝ ሚሮን መሆኑ ነው። ሚሮን የሜብለቪክ አጥቂ ነበር፤ ከዜንኮ ጋር አንድ ክፍል ተኝተው፣ ከአንድ ድስት በልተው ያደጉ ናቸው። አሁን ገበያ ሲወጣ ሴቶቹ ቼሪ በነጻ ይዘግኑለታል፤ ጸጉር አስተካካዩ ገንዘብ አልቀበልም ይለዋል። ዜንኮንስ? ዜንኮን ሲያገኙት "ሚሮን እንዴት ነው?" ይሉታል።

ትናንት አመሻሽ ላይ ደግሞ ሚስቱ ስቴፋ መስታወት ፊት ቆማ ቢጫ ስካርፍ ስትሞክር ደረሰባት።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው?"

"ስካርፍ ነዋ። ሰው ሁሉ ገዝቷል።"

"አንቺ እኮ የሜብለቪክ በረኛ ሚስት ነሽ።"

"ሜብለቪክ ሞቷል፣ ዜንኮ። እኔ አልሞትኩም። ቅናትህን ከፈለግክ ለብቻህ ታቅፈኸው ተኛ።"

ታቅፎት አልተኛም። ወደ ስታዲየሙ ሄዶ ፓምፑን አጠፋው። ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ መጠለያ የሌለው ስታዲየም ጨዋታ አያስተናግድም፤ የአየር ጥቃት ሳይረን ሲጮህ ሰው የሚገባበት ቦታ ከሌለ ባለሜዳው በፎርፌ ይሸነፋል። እዚህ ያለው መጠለያ ደግሞ ይሄ ምድር ቤት ብቻ ነው።

በሩ ተከፈተና ሚሮን ከሊጉ ተቆጣጣሪ ጋር ገባ። ተቆጣጣሪዋ ኮስታራ ሴት ናት፤ ደረጃው መሐል ስትደርስ ውሃውን አይታ ቆመች።

"ዜንኮ፣ ምን ጉድ ነው ይሄ?" አለ ሚሮን።

"ፓምፑ ተበላሸ።"

"እኔ እዚህ ውስጥ ሰው አላስገባም" አለች ተቆጣጣሪዋ። "ዳኛው ሜዳ እስኪገባ ወለሉን ካላሳያችሁኝ ፎርፌ ነው።" ተመልሳ ወጣች።

ዜንኮ ደስ አለው። እውነቱን መናገር ካለብን፣ እንዲህ ደስ ካለው ቆይቷል። አሁን ሚሮን ይጮሃል፣ ይለምነዋል ብሎ ጠበቀ። ሚሮን ግን ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ፣ ተጫዋች ልጆቹን ጠራና ውሃው ውስጥ ገባ።

"ባልዲ የለህም?"

"የለም።" ከማሞቂያው ኋላ አንድ ነበረ።

ሚሮን ዞር ዞር ብሎ አየና መደርደሪያው ላይ ዓይኑ አረፈ። ትልቁን ዋንጫ አነሣ።

"እሱን አስቀምጥ" አለ ዜንኮ።

"ለምን?"

"የሜብለቪክ ነዋ።"

"እኔስ የማን ነበርኩ?" ሚሮን ዋንጫውን ነክሮ ሞላው። "አንተ ፍጹም ቅጣት ምቱን አዳንክ፣ እኔ በግንባሬ ገጭቼ አገባሁ። ያኔ ግማሽ ለግማሽ ነበርን። በኔ ግማሽ ልቅዳበት።"

ልጆቹም ያገኙትን ዋንጫ እያነሡ ደረጃው ላይ ተሰለፉ። እየሞሉ ያቀብላሉ፣ የላይኛው ይደፋል።

"ጋሼ፣ የዚህኛው እጀታ ይነቃነቃል" አለ አንዱ።

"ቀስ በለዋ ታዲያ" አለው ዜንኮ። "ካንተ ዕድሜ ይበልጣል።"

ቢጫ ማልያቸው በስብሶ ደረታቸው ላይ ተለጥፏል፤ አንዱም አላጉረመረመም። ዜንኮ አሠልጣኝ በነበረ ጊዜ ልጆቹን ለሩጫ እንኳን የሚያስነሣቸው በስድብ ነበር። ይሄኛው ግን በባዶ እግሩ ሲገባ ተከተሉት። ምን አለው? ምን አድርጎላቸው ነው? ቅናቱ እንደ አዲስ ተነሣበት። ውሃው ግን ፈቀቅ አላለም፤ የቀዱትን ያህል ከሥር ይተካል።

"ጊዜው እየሄደ ነው" አለች ተቆጣጣሪዋ ከበሩ።

ሚሮን ሊቀዳ ሲጎነበስ ግራ ጉልበቱ ከዳው። ያ ጉልበት ዋንጫውን የበሉበት ቀን የተሰበረው ነው፤ ያን ቀን አዝሎት ቤቱ ያደረሰው ዜንኮ ነበር። ሚሮን ዘፍ ብሎ ውሃው ውስጥ ተቀመጠ። ክርኑ ሲሚንቶውን መታው፣ ፊቱ በሕመም ጠቆረ። ዋንጫው ግን ወለሉን አልነካም፤ በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አንሥቶ ይዞታል።

ዜንኮ ውሃውን እየሰነጠቀ ወደ ጥጉ ሄደና ማብሪያውን ተጫነ። ፓምፑ ባንዴ አጓራ።

ሁሉም ዞሮ አየው።

"ውይ፣ ተሠራ" አለ አንዱ ልጅ።

አዎ፣ ተሠራ ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር። "አልተበላሸም" አለ። "ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ሚሮን ከተቀመጠበት ትክ ብሎ አየው።

"ምቀኛ" አለው ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ነኝ።"

ሚሮን ሲነሣ የልጆቹን እጅ ያዘ እንጂ የዜንኮን አልያዘም። ዋንጫውን አግዳሚው ላይ አስቀምጦ፣ በረጠበ ሱሪው እያነከሰ ወጣ። ውሃው ሲጎድል ተቆጣጣሪዋ መጥታ ወለሉን አየችና ፈቀደች።

ጨዋታው ሲጀመር ዜንኮ እዚያው ቀረ። ባልዲውን አውጥቶ የተረፈውን ጠረገ። ዋንጫዎቹን አንድ በአንድ አድርቆ መደርደሪያው ላይ መለሰ፤ ትልቁን ግን አጠገቡ አግዳሚው ላይ አደረገና ተቀመጠ። ከላይ ጣሪያው በጩኸት ተናወጠ። አንድ ሰው ጎል አግብቷል። ማን እንደሆነ ወጥቶ ሊጠይቅ ተነሣ፤ እንደገና ተቀመጠ።

ከዚያ ሳይረኑ ጮኸ።

ሰው እየተጋፋ ወረደ። ዳኞቹ፣ እንግዶቹ ተጫዋቾች፣ አበቦቹ፣ ስቴፋ ከነስካርፏ። ስቴፋ ባሏን አይታ ጎረቤቷ አጠገብ ተሸጎጠች። ሚሮን በመጨረሻ እያነከሰ ገባ። አግዳሚዎቹ ሁሉ ሞልተዋል፤ ዋንጫው ካለበት በቀር ክፍት ቦታ የለም። ግድግዳውን ተደግፎ በቀኝ እግሩ ቆመ።

"ስንት ለስንት ነው?" አለው ዜንኮ ሳያየው።

"አንድ ለዜሮ።"

"ለማን?"

"ለእኛ።"

እኛ የምትለው ቃል አሁንም ዜንኮን ጎኑ ላይ ወጋችው። ፓምፑ ማጓራቱን ቀጥሏል። ዜንኮ የሚሮንን ግራ ጉልበት አየ። ከዚያ ዋንጫውን ከአግዳሚው አንሥቶ ጭኑ ላይ አደረገው።

"ና ተቀመጥ" አለው።