የዶክተሩ «እኛ»

«‹ሱሪያችንን ዝቅ እናድርግና መርፌያችንን እንወጋ› አለኝ። ‹አንተ ቅደማ!› አልኩታ።»

ልብስ ሰፊው ይህን ሲናገር ለቀስተኛው ከንፈሩን ነክሶ ሳቀ። አንዲት ሴትዮ ሻይዋ ትን አላት። የሟቹ ዶክተር ልጅ ብቻ አልሳቀችም። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አግዳሚው ወንበር ላይ ግድግዳውን ተደግፋ እንደተቀመጠች፣ ሳሎኑን የሞላውን ሰው ባንዴ ጠራርጋ ማስወጣት አማራት።

ዶክተሩ በዚህች ትንሽ ከተማ ሠላሳ ዓመት ሲያክም ለማንም «አመመህ?» ብሎ አያውቅም። «የት ነው ያመመን?» «መድኃኒታችንን ወሰድን?» «ዛሬስ እንዴት አደርን?» ነበር የሚለው። በዕረፍት ቀኑ በብስክሌት እየዞረ ከአልጋ መነሳት ያልቻሉትን በየቤታቸው ያያል። ራት ላይ «ዛሬ ወገባችን ቀለል ብሎናል» ሲል፣ እናቷ በሕይወት ሳለች «ደግሞ የማን ወገብ ነው?» ትለው ነበር።

ልጅቱ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ኩፍኝ ሲይዛት አልጋዋ ሥር መሬት ላይ እየተኛ አስታመማት። «ትኩሳታችን አልወርድ አለ፣ እሜቴ» ሲላት እውነት እሱም ያተኮሰው መስሏት ክኒኗን ለሁለት ሰብራ ግማሹን ሰጠችው። ተቀብሎ ዋጠው።

አጎቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ያን የክስ ደብዳቤ ለሆስፒታሉ ባታስገቢው ምናለ? ነርሷን እኮ ከሥራ ያባርሯታል።»

«ያባርሯት! ተረኛዋ እሷ አልነበረችም እንዴ? አባቴ ሆስፒታል ውስጥ፣ ጋውኑን እንደለበሰ፣ ኮሪደር ላይ ይሙት? ስንቱን ባዳነበት ቤት እሱን ዞር ብሎ የሚያይ አንድ ሰው ይጥፋ?»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ!»

ሳሎኑ ጸጥ አለ። ጸጥ ያለው ግን እሷን ሰምቶ አልነበረም። በሩ ላይ ሲስተር ቆማለች። ከዶክተሩ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራች ነርስ ናት፤ ደብዳቤው የሚከሰውም እሷኑ ነው።

«ማን ነይ አለሽ?» አለች ልጅቱ። እስከዚያች ቀን «እርስዎ» ሳትላት ቀርታ አታውቅም።

«ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው» አለች ሲስተር። «አራት ሰዓት ላይ አባትሽ ከክፍል ወጥተው ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ‹ሲስተር፣ ደረታችንን ጨምድዶ ይዞናል› አሉኝ። አራተኛው አልጋ ላይ ልባቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ነበሩ። የግፊት መለኪያውን ይዤ ወደ እሳቸው ሮጥኩ።»

አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባች።

«ሽማግሌው ጋዜጣ ያነባሉ። ግፊታቸውን ለካሁ፣ ደረታቸውን አዳመጥኩ። ተመልሼ ‹ዶክተር፣ ደህና ናቸው እኮ› ልላቸው ስል ወለሉ ላይ ወድቀዋል። ሰባት ደቂቃ። እኔ ነኝ ያባከንኩት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለ ራሳቸው ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅማ!»

ልጅቱ አፏን ከፈተች። ሦስት ቀን ያዘጋጀችው ስድብ አልወጣ አላት። የመጣባት የዚያን ቀን ጠዋት አባቷ የደወለላት ስልክ ነው። የትምህርት ቤቱ ደወል ተደውሎ ተማሪዎቿ እየተሰለፉ ነበር። «እሜቴ፣ ደረታችን ሲያስጨንቀን አደረ» አላት። «አስተኛውና ኦክስጅን ስጠዋ፣ አባዬ። እኔ ክፍል ልገባ ነው» አለችው። ሳቀ። «እሺ፣ ዶክተር» ብሎ ዘጋው። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ደብዳቤውን የጻፈችው በዚያው ዕለት ነው።

ብድግ አለች።

«አንድ ቀን!» ብላ ጮኸች። የጮኸችው ሲስተር ላይ አልነበረም። «አንድ ቀን ‹አመመኝ› ቢል ምን ይሆን ነበር? ምላሱ ይቆረጥ ነበር? የአገሩን በሽታ ሁሉ የእኛ የእኛ ሲል ኖሮ፣ የራሱን በምን እንወቅለት? ለእኔ እንኳ! ለልጁ እንኳ!»

አጎቷ ክንዷን ሊይዝ ሲል እጁን ገፈተረችው።

«ለእኔም ደውሎልኝ ነበር» አለች፤ ድምጿ ሻክሯል። «ጠዋት። በሽተኛውን አስተኛው ነው ያልኩት።»

ልብስ ሰፊው ብርጭቆውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ማንም ቀና ብሎ አላያትም።

«ደብዳቤውስ ታዲያ?» አለ አጎቷ በሹክሹክታ።

«ምን ብዬ ላስገባው? የራሴን ስም ጨምሬበት?»

ንዴቱ አልለቀቃትም። በማን ላይ እንደምታወርደው ነው የጠፋት። ተመልሳ አግዳሚው ላይ ዘጭ አለች።

ሲስተር ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወደ መውጫው ዞረች። ቤቱ ጢም ብሎ መቀመጫ የለም፤ ከዚያ በላይ ለመቆምም ሰበብ አልነበራትም።

«ሲስተር» አለች ልጅቱ።

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች። ዘወር ሳትል ቀሚሷን ሰበሰበችና በአግዳሚው ወንበር ላይ ወደ ጥግ ጠጋ አለች።