የገጠመ ይቀመጣል

ቀዩ መስመር ተሰብሯል።

ሞተር ገጣሚዋ ጠዋት ኮፈኑን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው። አጥብቃ የጨረሰችው ብሎን ሁሉ ላይ በጥፍር ቀለም ቀጭን መስመር ታሰምራለች፤ ብሎኑ ከተነካ መስመሩ ይሰበራል። በዚህ የተነሳ ጋራዡ ውስጥ «ሙሽሪት» ይሏታል። የራሷ ጥፍር ግን ከዘይት በቀር ቀለም አይቶ አያውቅም።

ትናንት ስትወጣ መስመሩ ሙሉ ነበር። አሁን አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ተርቦ ግፊቱ የሚስተካከልበት ዳዶ ላይ ግማሹ ወዲያ፣ ግማሹ ወዲህ ቀርቷል። ጎንበስ ብላ የገባበትን ዘንግ አየች። ዳዶው አንድ ተኩል ዙር ጠብቋል። አንድ ነጥብ ሁለት ባር ላይ የተወችው ግፊት አሁን አንድ ነጥብ ስድስት ሳይደርስ አይቀርም።

መኪናው ዝቅ ያለ፣ ግራጫ፣ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ነው፤ ባለቤቱ የጥርስ ሐኪም። ሌላ ጋራዥ ግፊቱን ከልክ በላይ ጨምሮለት፣ ሦስተኛው ፒስተን መሀሉ ቀልጦ ተበስቶ፣ በጭነት መኪና ተጭኖ ነበር የመጣው። ሁለት ወር ለፋችበት። አጎቷ፣ የጋራዡ ባለቤት፣ «ይሄ ሞተር ከሰፈሩ በላይ ያለውን ዳገት ወጥቶ በሰላም ከተመለሰ የሞተር ክፍሉ ያንቺ ነው፤ ቁልፉን ትይዣለሽ» ብሏታል። ስምንት ዓመት ሙሉ እሷ እየገጠመች ሌላ ሰው ሲፈርምበት ለኖረች ሴት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

አጎቷ ቢሮው በር ላይ ከሐኪሙ ጋር ቆሞ ዓይኑን ከእሷ ያሸሻል።

«ጋሼ፣ ይህን ዳዶ ማን ነካው?»

«የቱን?»

«የቱን እንደሆነማ ያውቁታል።»

«ትንሽ ነው የነካሁት» አለ። «ዶክተር ለመኑኝ። የሚስታቸው ወንድም ዳገቱ ላይ ቀድሟቸው፣ በየምሳው እያነሳ መግቢያ አሳጣቸው።»

ሐኪሙ ሳቅ አለ። «እንግዲህ የስፖርት መኪና ለፍጥነት ነው የሚገዛው።»

«ዶክተር፣ አንድ ሰው መጥቶ 'ድንጋይ የሚሰብር ጥርስ ትከሉልኝ' ቢልዎት ይተክሉለታል?»

«ድንጋይ አትብላ እለዋለሁ።»

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። እዚህ የምንቀዳው ቤንዚን ከአንድ ነጥብ ሁለት በላይ አይችልም። ሻማው ሳያቀጣጥለው ራሱ ይፈነዳል። ያንን ፒስተን የበሳው እሱ ነው።»

«ያ አሮጌ ፒስተን ነበር» አለ አጎቷ። «አንቺ ደግሞ ሁሌ ክፉ ክፉው ነው የሚታይሽ። ግቢና ተቀመጪ፤ ሰው አታስጠብቂ።»

ተቀመጪ ያላት ያለ ነገር አይደለም። በዚያ ጋራዥ ሞተር የገጠመ ሰው የመጀመሪያውን ሙከራ ከባለመኪናው አጠገብ ተቀምጦ ይወጣል። ሕጉን ያወጣው ራሱ አጎቷ ነው፤ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሠራተኛ የነዳጅ ቱቦ ሳያጠብቅ ረስቶ፣ መኪና ከነባለቤቱ ከመቃጠል ለጥቂት ከዳነ በኋላ። «የገጠመ ይቀመጣል፤ ነፍሱን ያስያዘበትን ሥራ ሰው አያጭበረብርም» ይል ነበር።

ጓንቷን አወለቀች።

«የገጠመ ይቀመጣል» አለች። «እኔ የገጠምኩት አንድ ነጥብ ሁለት ነው። የቀረውን የገጠሙት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ይቀመጡ።»

ጥግ ላይ የተጎዳ በር ሲያቃና የነበረው ቀጥቃጭ መዶሻውን አየር ላይ አቆመ። «ሙሽሪት ወንበሯን ለቀቀችልዎ፣ ጋሼ። ሚዜ ከፈለጉ ግን እኔን አይቁጠሩ።»

«አንተ በርህን ቀጥቅጥ» አለው አጎቷ። ወደ እሷ ዞረ። «እምቢ ካልሽ የሞተር ክፍሉን እርሺው።»

«ረሳሁት። ይቀመጡ።»

ሦስት ሰው እያየው መመለሻ አልነበረውም። ገብቶ ቀበቶውን አሰረ። ሐኪሙ ሞተሩን አስነሳ። ድምፁ ያምራል፤ ያንን ልትክድ አትችልም። መኪናው ግቢው በር ድረስ ሄደ። የፍሬኑ መብራት በራ፤ እንደበራም ቆየ። ከዚያ በሩ ተከፈተና አጎቷ ጉልበቱን በእጁ እየደገፈ ወጣ።

«ምነው?» አለ ሐኪሙ።

«ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው» አለ አጎቷ፤ ሌላ ምክንያት አልሰጠም። «ወደ ኋላ ይመልሱት።» እሷ ጋ መጥቶ እጁን ዘረጋ። «አስር ቁጥር ኪያቤ አቀብዪኝ።»

«መሳቢያው ውስጥ አለ።» ካለችበት ንቅንቅ አላለችም።

መፍቻውን ራሱ ፈልጎ አወጣ። ራሱ አጎንብሶ አንድ ተኩል ዙር መለሰ። እሷ ግፊቱን በመለኪያ ሁለት ጊዜ አረጋገጠችና በአሮጌው መስመር ላይ አዲስ አሰመረች።

«ሌላ ጋራዥ ወስጄ ማስጨመር እችላለሁ እኮ» አለ ሐኪሙ።

«ይችላሉ። መስመሩ ከተሰበረ ግን የኔ ሞተር አይደለም፤ ይዘውት እንዳይመጡ።» ገብታ ቀበቶዋን አሰረች። «ይንዱ።»

ሐኪሙ ዳገቱን እንዳኮረፈ ጀመረው። ሦስተኛ ማርሽ ሲያስገባ ወንበሩ ጀርባቸውን ገፋ፤ ኩርፊያውም እዚያው ቀረ። እሷ ዓይኗን ከሙቀት ቆጣሪው አልነቀለችም። አናቱ ላይ ሲደርሱ እንዲዞር ነገረችው። እንደገና አስወጣችው። እንደገና።

«በቃ፣ ገባኝ» አለ ሦስተኛው ላይ።

«አልገባዎትም። አንዴማ ያ ፒስተኑ የቀለጠውም ወጥቶ ነበር።»

አምስት ጊዜ ወጡ። ቆጣሪው ካለበት አልተነቃነቀም።

ሲመለሱ አጎቷ ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በፊቱ አልፋ ሄደችና ከግድግዳው ሚስማር ላይ የሞተር ክፍሉን ቁልፍ አወረደች።

«ሰጥቼሻለሁ አላልኩም» አለ።

«እኔስ መቼ ጠየቅኩ?» አለችና ቁልፉን ከጥፍር ቀለሙ ጋር ኪሷ ከተተችው።