እግሯን ነበር ያመማት

«እግሯን ነበር እኮ ያመማት» አለ ሹፌሩ፣ አጠገቡ ለተቀመጡት ሽማግሌ ጎረቤት። ትናንትም ለመጣው ሰው ሁሉ ያለው ይህንኑ ነው። «በእግር ሕመም ሰው ይሞታል?»

ሽማግሌው አቀረቀሩ። «እግዜር ያጽናህ ልጄ» አሉት።

ሳሎኑ በተውሶ ወንበር ተጨናንቋል። ከጥግ ሴቶች ይንሾካሾካሉ። አራስ ነበረች፤ ወገቧ ሳይጠና ሥራ ገባች፤ ስፌት መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች ድፍት አለች። ባቷ ውስጥ የረጋ ደም ተነሥቶ ሳንባዋን ዘጋው አለ ሐኪሙ። ሹፌሩ ሁሉንም ይሰማል፤ የሌላ ሰው ሚስት ወሬ ግን ይመስለዋል። ቀብሮ ከመጣ ወዲህ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ብሎ ያያል።

የሥራ ጓደኞቿ «መርፌ» ይሏት ነበር። ዩኒፎርም በሚሰፋበት ፋብሪካ እጇንም ምላሷንም የሚቀድም አልነበረም። «ትወጋለች፤ መልሳ ደግሞ ትሰፋለች» ይሉላት ነበር። ሹፌሩን የተዋወቀችው የአውቶቡሱን በር ዘግቶባት በሄደ ቀን ነው። ሮጣ በሚቀጥለው ፌርማታ ደረሰችበትና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን አውቶቡስ የምትነዳው ሰው እንዳይሳፈርብህ ነው?» አለችው። እሱ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ እሷ ሳትሳፈር ያን ፌርማታ ለቆ አያውቅም።

ልጃቸው ቀኗን አሳልፋ በቀዶ ጥገና ተወለደች። ፋብሪካው ግን ደመወዝ የሚከፈልበትን የወሊድ ፈቃድ መቁጠር የጀመረው ሆዷ ገፍቶ ቤት ከዋለች ጀምሮ ስለነበር፣ ምጥ ስትጠብቅ ተጋመሰ። ክትባት ስታስከትብ ነርሷ፣ «እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ፤ ውሃም ቢሆን እንዳትሰጫት። አንቺም እረፊ» አለቻት።

«እሺ እህቴ፤ ይሄንኑ ለአለቃዬ ደውለሽ ንገሪልኝ» ብላ ነርሷን አሳቀቻት።

ሥራ ገባች፤ ሕፃኗን ሊይዙላት እናቷ መጡ። በምሳ ሰዓት ዕቃ ቤት ገብታ፣ በጨርቅ ጥቅሎች መሃል ቆማ ወተቷን ታልባለች። አንድ እግሯ ሲያብጥ እናቷ፣ «አራስ ነሽ፣ ያብጣል። እኔም አንቺን ስወልድ እንዲሁ ነበርኩ» አሏት። ሁሉም አመነ። እሷም አመነች።

አሁን በሩ ተከፈተ፤ የሹፌሩ አለቃ ገባ። እጁን ጨብጦ ጎንበስ አለ። «ሥራውን አታስብ። እስክትጽናና ቤትህ ቁጭ በል፤ ደመወዝህም አይነካም።»

ሹፌሩ አየው። «ስትወልድ ለምኜህ ነበር» አለ በዝግታ። «ብቻዋን ናት፣ ልደግፋት አልኩህ። ለአባት ከሦስት ቀን በላይ ፈቃድ የለም አልከኝ።»

«ደንቡ እኮ . . .» ብሎ ጀመረ አለቃው።

በዚህ መሃል ከማድ ቤት አንዲት ጎረቤት ብቅ አለች። «ለእንግዳው ውሃ ማስገቢያ ቦታ አጥቼ ፍሪጁን ላጸዳው ነበር። የቆየ ወተት ነው መሰለኝ፣ ሁለቱን ጠርሙስ ደፋኋቸው። ይቺንስ ልድፋት?»

ሹፌሩ ተነሥቶ ወደ ማድ ቤቱ በር ሄደ። ሦስተኛው ጠርሙስ እጇ ላይ ነበር። የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ዙሪያ ነጭ ሆኗል። ሴትዮዋ ፊቱን አይታ ነገሩ ገባት፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«የዚያን ዕለት ጠዋት ያለበችው ነው» አሉ የሟች እናት ከኋላው መጥተው። «እኔም ረስቼው። አሁን እሷ አፈር ውስጥ ናት፤ ወተቷ እዚህ።»

ሕፃኗ ከትናንት ጀምሮ የተገዛውን ወተት እየተፋች አስቸግራለች። አያቷ ጠርሙሱን በሞቀ ውሃ ነክረው፣ ክንዳቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱትና ከሕፃኗ ጋር ለሹፌሩ ሰጡት። ለቀስተኛው ተጠጋግቶ ቦታ ለቀቀለት። ልጅቱ አንዴ እንደ ቀመሰች ዓይኗን ገለጠች፤ ከዚያ ሳታቋርጥ ጠጣች። አለቃው ወደ ግድግዳው ዞረ።

ጠርሙሱ ባዶ ሆነ። ልጅቱ ግን አልጠገበችም፤ አፏን ከፍታ በጥቁር ሸሚዙ ላይ ወዲያና ወዲህ ፈለገች።

«ስጠኝ፣ ላባብላት» አሉት አያቷ።

ሹፌሩ አልሰጣቸውም። የሸሚዙን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታና፣ ፊቷን ባዶ ደረቱ ላይ አስጠጋላት።