ሴጎና ያ ሌላው

የዚያ ዓመት ግንቦት ነፋሱ ቀድሞ ገባና በነቫዳ ኮረብታዎች ላይ የነበረውን አበባ ሰው ሳይጠግበው አረገፈው። ሎርና ፒክአፗን ከደረቁ ሐይቅ ዳር አቁማ ቀና ብትል ተዳፋቱ ግራጫ ብቻ ነው። ነጭ ነገር አንድም አይታይም።

«አክስቴ፣ አበባው እኮ አልቋል። ለከርሞ ብናቆየውስ?»

«አበባ ልትበዪ ነው የመጣሽው?» አሉ ኦሬታ ከመኪናው እየወረዱ። «ሥሩ የት ይሄዳል ብለሽ ነው?»

ኦሬታ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። በሸለቆው ካሉት የሾሾኒ ነገድ ቤተሰቦች ሴጎ መቆፈር የሚያውቅ ሁሉ ከእሳቸው የተማረ ነው። ሴጎ አበባው ሦስት ነጭ ክፋይ ያለው ተክል ሲሆን፣ ከመሬት በታች የነጭ ሽንኩርት ፍሬ የሚያህል ጣፋጭ ሥር አለው። በዚያው ኮረብታ፣ አንዳንዴም ከጎኑ ተጣብቆ፣ መርዛማ ዘመዱ ይበቅላል። ሸለቆው ስሙን አይጠራም፤ «ያ ሌላው» ይለዋል። አበባው ጥቃቅንና ወተት መሳይ፣ እንደ ዘለላ የተጠጋጋ ነው። ሁለቱ ሲያብቡ ሕፃንም አይስታቸውም። አበባቸው ሲረግፍ ግን የአንድ እናት ልጆች ይሆናሉ። ያኔ የሚለያቸው ቅጠላቸው ነው። የሴጎ ቅጠል ቀጭንና ጥቅልል ያለ ነው፤ የዚያ ሌላው ወፈር ይልና መሃል ለመሃል እንደ ወረቀት ይታጠፋል። ኦሬታ ግን ማየት እንኳ አያስፈልጋቸውም ነበር። በጣታቸው ዳበስ አድርገው ይለዩታል።

ሎርና የመቆፈሪያውን ብረት ስታቀብላቸው የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች ውሃ ቋጥረው አየች።

«እጅዎን ምን ነካው?»

«የቱን?» አሉና ገልብጠው አዩት። «እንጃ። ምድጃው ይሆናል።»

«አያምዎትም?»

«ቢያመኝ አልነግርሽም ነበር?»

እንደ እሳት የሚያቃጥል ነገር ሳይሰማቸው መቅረቱ ቀኑን ሙሉ ከሎርና ሐሳብ አልወጣም።

ኦሬታ ወደ አዲስ ቦታ በተዛወሩ ቁጥር የመጀመሪያውን ሥር ልጠው፣ በቀሚሳቸው ጠርገው ይበሉታል። ከዚያ ትንሽ ቁጭ ይላሉ። ከዚያ «በይ ቆፍሪ» ይላሉ።

«አክስቴ፣ ለቅዳሜው ግብዣ ምን ሊተርፈን ነው?» አለች ሎርና እየሳቀች።

«አርፈሽ ቆፍሪ። ሆዳም ብትዪኝም አልከፋም።»

እኩለ ቀን ላይ ሎርና ከመኪናው ኋላ ተቀምጣ ሥሮቹን በሳፋ ታጥብ ጀመር። አፈሩ ሲለቅ ከአንዱ ጫፍ ላይ የቀረ ደረቅ ቅጠል ብቅ አለ። አነሳችው። ወፍራም ነው፤ መሃሉ ላይ ታጥፏል።

እጇ ውሃው ውስጥ ቀረ።

ይህን የቆፈሩት እሳቸው ናቸው። እሳቸውን ደግሞ ተሳስተዋል ብሎ የሚያውቅ ሰው በዚያ ሸለቆ አልተወለደም። ሎርና ሥሩን ኪሷ ከተተችው፤ አንድ ብቻ ነው፣ ምንም አይደለም ብላ ራሷን ልታጽናና። ቀጥሎ ሁለተኛ አገኘች። ቅጠል ያልቀረላቸው ደግሞ ከእነሱ በቁጥር የሚበልጡ ነበሩ፤ እነዚያን ማን ይለያቸዋል? አምስተኛው ላይ ስትደርስ ኪሷ ከብዶ ተሰማት። እንዴት ብዬ ልንገራቸው እያለች ቀና ስትል፣ ኦሬታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከንፈራቸውን በእጅጌያቸው ይጠርጋሉ። ጠርገው ጠርገው እንደገና ይጠርጋሉ።

«አክስቴ፣ ከንፈርዎ ምን ሆነ?»

«ነፋሱ አደነዘዘኝ መሰለኝ።»

«ስንት በሉ ዛሬ?»

ኦሬታ የሎርናን ኪስ አዩ፤ እርጥበቱ ከውስጥ ወደ ውጭ አልፏል።

«አምጪ» አሉ። አንዱን ተቀብለው በጣቶቻቸው መሃል ሲያሽከረክሩት ቆዩና መልሰው ሰጧት። «ጣቴ ምንም አይነግረኝም። አንቺ ንገሪኝ እስቲ፣ የትኛው ነው?»

«ያ ሌላው ነው፣ አክስቴ።»

«እንግዲያው ተነሺ እንሂድ» አሉ፤ ሎርና ደግፋ መኪናው ውስጥ አስገባቻቸው።

ክሊኒኩ ስልሳ ማይል ነው። ሃያውን ሳይጨርሱ ኦሬታ ማስመለስ ጀመሩ፤ አርባው ላይ ዝም አሉ። ሎርና በአንድ እጇ መሪውን፣ በሌላው የእሳቸውን አንጓ ይዛ ትነዳለች። የልባቸው ምት ይመጣል፣ ከዚያ ይቆያል። በጣም ይቆያል። በእያንዳንዱ ዝምታ «አሁን ቀረ» ትላለች፣ ከዚያ ልባቸው አንዴ ይመታል።

ኦሬታ ክሊኒኩ ውስጥ ሦስት ቀን ተኙ። በሦስተኛው ቀን ዓይናቸውን ገልጠው በመስኮቱ በኩል ያለውን አቧራ ሲያዩ ቆዩ።

«ጣቴ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው» አሉ። «ስኳር በሽታው ነው የበላው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግራችሁ ማን ይቆፍር ነበር? ጎበዝ ብዬ ያሳደግኩት ሁሉ ከሱቅ ነው የሚበላው። ስለዚህ ቀድሜ ቀመስኩ። ከተሳሳትኩ በእኔ ይብቃ ብዬ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «የቀመስኩት ጥሩው ሆኖ ሳለ ከጎኑ ያ ሌላው ሊበቅል እንደሚችል ረሳሁት እንጂ።»

ሎርና ያን የሳፋ ሥር አንድም ሳታስቀር ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራ ቀብራው ነበር። ቅዳሜ ዘመዶቹ ሲሰበሰቡ ቆማ የሆነውን ሁሉ ተናገረች፤ የእሳቸውን ጣትና የራሷን ዝምታም። ሥሩ ኪሷ ውስጥ ሆኖ ደቂቃዎች እንዳለፉም አልደበቀችም። የአጎቷ ልጅ ደልማር ሊያስቃት ፈልጎ «እኛማ ለጥቂት ነው የተረፍነው በሉኛ» አለ። ማንም አልሳቀም። ዓምናም ኦሬታ የቆፈሩትን ከእነዚሁ ሳህኖች እንደበሉ ሁሉም አስታውሰው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ብቻዋን ኮረብታው ላይ ወጣች። የዚያ ሌላው ደረቅ ዘለላ ገና ያልወደቀበትን አገዳ ሁሉ ለምልክት በቀይ ሪባን ልታስር ነበር። አሥር አሰረች፣ ሃያ አሰረች። ከኦሬታ ጋር የቆፈሩበት ጉድጓድ ዙሪያውን ቀይ ሆነ። ከዚያ አንዱ ጋ ደርሳ ተንበረከከች። አገዳ የለውም። ቅጠሉ መታጠፉም መጠቅለሉም አይለይም። በጣቶቿ ዳበሰችው፤ ቆይታ እንደገና ዳበሰችው። ጣቶቿ ጤነኛ ናቸው፣ ሆኖም አላወቀችውም።

እሱንም አሰረችው። የሪባኑ ጥቅል አልቆ ስትነሳ ከፊቷ ያለው ተዳፋት እስከ ጫፉ ድረስ ያልታሰረ ነበር።