ከደነዘዘው ጣት የተወሰደ ደም

ደሙን ሳየው ተናደድኩ። ቃሊቲ ባለችው ጠባብ ክሊኒካችን አሥራ አንድ ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሻለሁ፤ እንዲህ ያለ ቀይ የደም ሴል ግን አላየሁም። ክብ መሆን ሲገባው ገሚሱ እንደ ሲኒ ጎድጉዷል፣ ገሚሱ ፈንድቷል።

ደሙ የኑሪ ነው፤ ትናንት ከጅቡቲ መስመር የገባ የከባድ መኪና ሹፌር። ትኩሳት ያንቀጠቅጠዋል። ጠዋት የጭነት ሸራ ሲፈታ ሽቦ ጣቱን ሰንጥቆት ነበርና ነርሳችን ዘካሪያስ ሰፋለት። ሐኪሙ ወባ እንዲታይ አዘዘ። እኔም «ወባ አልታየም፤ የደም ሴሎቹ ቅርፅ ተበላሽቷል» ብዬ ፈርሜ ላክሁ። ሐኪሙ የደም በሽታ ጠርጥሮ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ጻፈለት። ቀጠሮው ከአራት ቀን በኋላ ነው።

እናቱ እማማ ሰዓደት የላብራቶሪዬ በር ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ደሙ ተበላሽቷል አሉኝ። ይሞትብኛል?»

ደሙን ቀድቶ ያመጣልኝ ዘካሪያስ ነበርና እሱ ላይ ሄድኩበት።

«ይህን ደም ከየት ነው የወሰድከው?»

«ወረፋ ስለበዛብሽ ላግዝሽ ብዬ ነው። አላሳመምኩትም፤ ከሰፋሁት ጣት ነው፣ ደንዝዞ ነበር።»

«ማደንዘዣ ከወጋኸው ጣት?»

«ታዲያ ሁለቴ ልውጋው? ሰው አይደለም እንዴ?»

ደግነቱ አበገነኝ። ጣቱ ውስጥ የቀረው ማደንዘዣ ከጠብታዋ ደም ጋር ተቀላቅሏል። መድኃኒቱ ሲበዛ የሴሉን ሽፋን ሰርስሮ ቅርፁን ያጣምማል፣ ውስጡ ያለ ወባም አይለይም፤ ተምሬዋለሁ። ግን ሳልጠይቅ ፈረምኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ሮጬ ወጣሁ። ኑሪ ባጃጅ ውስጥ ሊገባ አንድ እግሩን አንስቷል።

«ሌላኛውን እጅህን አምጣ!»

ስወጋው ጮኸ። «ቅድም እኮ አላመመኝም!»

«ቻለው!»

አዲሱ ደም ላይ ያፈሰስኩት ቀለም እስኪይዝ እማማ ሰዓደት ከጎኔ ሆነው «ያ ረቢ» ይላሉ። ደሙን የቀባሁበትን ስላይድ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባሁ። ሴሎቹ ክብ ናቸው፣ ያማሩ። እፎይ ልል ስል አንዱ ውስጥ ቀጭን ቀለበት አየሁ፤ የወባ ተሕዋስ። ቀጥሎ ሦስት። ከዚያ መቁጠር ተውኩ።

ሐኪሙ አይቶ ወዲያው የወባ መርፌ አዘዘ። «አራት ቀን አይቆይም ነበር» አለኝ።

እማማ ሰዓደት ክንዴን ያዙ። «ደሙ ዳነ?»

«ደሙስ አልተበላሸም። ወባ ነው፣ እየታከመ ነው።»

«ቅድም ወባ የለም ያለው ማን ነበር?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»