የሊዮና አልጀብራ

ልጄ ድዋይት መጋቢት መጀመሪያ ላይ ደወለና «እማ፣ ሜሪቤት በሽታዋ እንደገና ተነስቶባታል። ለሁለት ሳምንት ብትመጪልን» አለኝ። ሁለት ሳምንት ያለበት ድምፅ አላማረኝምና የብርዱንም የሙቀቱንም ልብስ ያዝኩ። የክፍል ደወሌንም ሻንጣው ውስጥ ከተትኩ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ምራቴ ሜሪቤት ልጆቿን ቤት ውስጥ አስተምራለሁ ብላ ስትነሳ ያልኳትን እዚህ አልደግመውም። ስምንት ዓመት ሙሉ በየገናው ማዕድ ላይ ስለደጋገምኩት ቤተሰቡ በቃሉ ይዞታል። ሉፐስ የያዛት ማስተማር ከጀመረች ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። የሰውነት መከላከያ ወዳጅና ጠላት መለየት ሲሳነው የገዛ መገጣጠሚያንና ኩላሊትን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ሐኪሟ «አብረሽው ትኖሪያለሽ» ብሏታል፣ ስለ ደባል እንደሚያወራ ሰው። ደህና በሆነችበት ቀን ዳቦ ትጋግራለች። ባልሆነችበት ቀን ማበጠሪያ መጨበጥ ያቅታታል። የትኛው ቀን እንደሆነ ካልነጋ አይታወቅም።

ቤታቸው አሜሪካ፣ ደቡብ ሚዙሪ ውስጥ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ በጠጠር መንገድ ላይ ነው። ድዋይት ለገበሬዎች የማሞቂያ ጋዝ በቦቴ ስለሚያደርስ ሳይነጋ ወጥቶ ለራት ነው የሚመለሰው። ልጆቹ ሦስት ናቸው፤ ሊዮና አሥራ ሦስት፣ ዌንደል ዘጠኝ፣ ፖዚ ስድስት ዓመታቸው ነው። የሜሪቤት መኝታ ቤት በር እጀታ ላይ አንድ ካልሲ ከተንጠለጠለ ቀስ ብሎ መናገር ነው። ሁለት ካልሲ ከሆነ አይገባም። ሦስት ከሆነ ለድዋይት ይደወላል። ይህን ያስረዳችኝ ፖዚ ናት፣ የትራፊክ መብራት እንደምታስረዳ ሁሉ።

በመጀመሪያው ጠዋት ልክ በሁለት ሰዓት ደወሌን ደወልኩ።

ዌንደል ከነፒጃማው ብቅ አለ። «አያቴ፣ እሳት ተነሳ እንዴ?»

«ትምህርት ተጀመረ» አልኩት።

«እሺ» ብሎ ተመልሶ ተኛ።

ሊዮና ሳህን እያጠበች ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ እጅጌዋን ሁሌ እንደጠቀለለች የምትውል ልጅ ናት። «ትምህርት በአራት ሰዓት ነው የሚጀመረው፤ የእማ ጣቶች የሚፍታቱት ያኔ ነው» አለችኝ።

«የትምህርት ሰዓት በጣት አይወሰንም።»

«እኛ ቤት ይወሰናል» አለች። ብልግና አልነበረም። ልክ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት የምትነግረኝ ነበር የምትመስለው።

በአራት ሰዓት ሦስቱም ሜሪቤት አልጋ ላይ ወጡ። እሷ ትራስ ተደግፋ ጂኦግራፊ አስተማረቻቸው። አርባ ደቂቃ ያህል ጥሩ አድርጋ አስተማረች፣ ይህን አልክድም። ከዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር መሃል ፊቷ አመድ መሰለ። ሊዮና መጽሐፉን ከእጇ ተቀብላ ዓረፍተ ነገሩን ጨረሰችው፤ ወንድምና እህቷን ይዛ ወጣች፤ በሩ ላይም ሁለት ካልሲ ሰቀለች።

ልጆቹ ባዶ ሆነው እንደማገኛቸው እርግጠኛ ስለነበርኩ በዚያው ሳምንት ፈተንኳቸው። ዌንደል ክፍልፋይን አቀላጥፎ ይሠራል። የእናቱን ክኒን ለግማሽና ለሩብ ሲከፍል ነው የተማረው። ፖዚ ከመድኃኒቱ ካርቶን የወጣውን ወረቀት ሳትደናቀፍ ካነበበችልኝ በኋላ «አያቴ፣ እርስዎ ማቅለሽለሽ አለብዎት?» ብላ ጠየቀችኝ። የለብኝም አልኳት። «የቆዳ ሽፍታስ?» እሱም የለም። ቅር ያላት መሰለኝ። እኔም ቅር ብሎኝ ነበር። ስምንት ዓመት የተናገርኩትን ሁለት ልጆች በአንድ ከሰዓት አፈረሱብኝ።

ሊዮናን የፈተንኩት መጨረሻ ላይ ነው። የአልጀብራ ደብተሯን አምጪ ስላት ድንች መላጥ አለብኝ አለች። ድንቹን እኔ ልላጥ አልኩ። ልብስ ማጠፍ አለብኝ አለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማረ ሰው ይህን ዜማ ያውቀዋል። ራሴ ሄጄ ከመደርደሪያው አወረድኩት።

ጽሑፉ ንጹሕ ነው፤ ሒሳቡም ልክ ነው። ገጽ ስድሳ አንድ ላይ ሲደርስ ይቆማል። የመጨረሻው ቀን ጥቅምት አራት ነው የሚለው። ከዚያ ወዲያ ነጭ ወረቀት ነው። በእኛ ግዛት ልጆቹን ቤት ውስጥ የሚያስተምር ሰው ሰዓቱን ስለሚመዘግብ መዝገቡንም ገለጥኩ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት በየቀኑ «ሊዮና፣ አልጀብራ፣ አንድ ሰዓት» ይላል። የእጅ ጽሑፉ የራሷ ነው።

«ይህ ሰዓት የት ሄደ?» አልኳት።

«ግማሹ ለዌንደል ሄደ። ግማሹ ለልብስ። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ እማን ገላዋን አጥባታለሁ።» ድንቹን እየላጠች ነው የምትናገረው። «ታሪክም የለም። ሳይንስ እስከ ታኅሣሥ ነበረ።»

«እናትሽ ታውቃለች?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «አያቴ፣ አይንገሯት። ስትጨነቅ ይነሳባታል፣ ሐኪሙ ነው ያለው። ከነገሯት ትተኛለች። ከተኛች ደግሞ ሥራው የሚበዛው እኔ ላይ ነው።»

ብዙ ተማሪ ብዙ ምክንያት አቅርቦልኛል። ይህን ግን የማርምበት ቀይ እስክሪብቶ አልነበረኝም።

ሦስት ቀን አፌን ዘጋሁ። እኔን የሚያውቅ ሰው ይህን ቢሰማ ሐኪም ይጠራልኝ ነበር። ልጅቷን ከሰዓት ከሰዓት ጋራዥ ውስጥ፣ የሥጋው ማቀዝቀዣ ክዳን ላይ ደብተር ዘርግቼ ማስተማር ጀመርኩ። አእምሮዋ ፈጣን ነው። ነገር ግን ከግድግዳው ወዲያ ሜሪቤት ባሳለች ቁጥር እርሳሱ ይቆማል፤ ፖዚ በተጣራች ቁጥር ትነሳለች። በሦስት ቀን የሠራነው አንድ ገጽ ተኩል ነው። በሦስተኛው ቀን «ተይው፣ እኔ ሄጄ አያታለሁ» ብዬ ትከሻዋን ያዝ አደረግኳት። ትከሻዋ እንደ ጣውላ ደርቋል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ትከሻ አልነበረም።

በማግስቱ ልጆቹ ዶሮ ሲመግቡ ወደ ሜሪቤት ገባሁ። ጣቶቿን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። ስምንት ዓመት የጠበቅኩት ቀን ነበር፤ ሲደርስ ግን እንዴት እንደምጀምር ጠፋኝ። «ስለ ሊዮና ነው» አልኩ።

«ገጽ ስድሳ አንድ» አለች።

ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ።

«ከገና በፊት ነው ያየሁት» አለች፣ ከውኃው ዓይኗን ሳታነሳ። «እርሳስ ስፈልግ አገኘሁት። ገልጬ አየሁና ወደ ቦታው መለስኩት። ነገሩን ነገ አነሳዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ቁርስ ሠርታልኝ መጣች። ነገ ሳይሆን ከነገ ወዲያ አልኩ።» ጣቶቿን ውኃው ውስጥ አገላበጠች። «ባነሳው ያለ እሷ መዋል አለብኝ፣ እማማ። ያለ እሷ ደግሞ ከአልጋ አልወርድም።»

የምላት ነገር በአእምሮዬ ተዘጋጅቶ ነበር። ግን ውኃው ስለቀዘቀዘ ሙቅ ልጨምር ተነሳሁ።

«ከተማው ትምህርት ቤት ትግባ» አለች ጀርባዬን ስሰጣት። «ለእርስዎ ብዬ እንዳይመስልዎት።»

«አልመሰለኝም።»

«ትንሾቹን ግን እኔ ነኝ የማስተምራቸው።»

«ማን ይከለክልሻል?»

«እና እርስዎ ይቆያሉ።»

ይህ ጥያቄ አልነበረም። ማንም እኔን የጠየቀኝ የለም፣ እስከ ዛሬም አልጠየቀኝም። የጀርባ በሽታዬንም ማንም አላነሳውም።

ማታ ራት ላይ ለሊዮና ተነገራት። ድዋይት ሹካውን እያየ ነበር፤ ከጥቅምት ጀምሮ ምንም አለማየቱ የገባው ያን ዕለት ነው። ሊዮና አላለቀሰችም። ተራ በተራ ጠየቀችን። የጠዋቱን ክኒን ማን ያወጣል? አያትሽ። ዌንደልን ማን ያስጠናል? አያትሽ። ማክሰኞስ?

«አባትሽ» አለች ሜሪቤት።

ድዋይት ቀና አለ። «አዎ» አለ።

«እሱ የገላውን ውኃ ያቃጥለዋል» አለች ሊዮና፣ ሳህኗንም አንስታ ሄደች።

በሚያዝያ መጀመሪያ ትምህርት ቤት ገባች። በአልጀብራ ወደ ኋላ ስለቀረች በአንድ ዓመት ከሚያንሷት ጋር አስቀመጧት። ለአሥራ አንድ ቀን እኔንም እናቷንም አላነጋገረችም። ከአውቶቡስ ስትወርድ ቀጥታ ወደ መኝታ ቤቱ ሄዳ ክኒኑን ትቆጥራለች፤ ልክ ሆኖ ስታገኘው የምትናደድ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ሳላውቅ የከሰዓቱን ረስቼ ኖሮ ቆጥራ ደረሰችበት። ያን ቀን ብቻ ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ።

ሜሪቤትም አልዳነችም፣ በሽታው እንደማይድንም ይታወቃል። ሚያዝያ ላይ አራት ቀን ሆስፒታል ተኛች። ፖዚ ወረቀቱን ሁሉ አንብባ ለነርሷ አስረዳቻት። እኔና ሜሪቤት በጂኦግራፊ እንጣላለን፤ በክፍልፋይ እንስማማለን። ድዋይት ማክሰኞን ከመሥሪያ ቤቱ አስፈቅዷል። ውኃውን አንድ ጊዜ አቃጥሎታል።

ግንቦት ውስጥ አንድ ከሰዓት ሜሪቤት ደህና ሆና ወጥ ቤት ከእኔ ጋር ተቀምጣ ሳለ ሊዮና ገባች። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣለችው። የሙዚቃ አስተማሪው ክላርኔቱን ለኬንድራ ለምትባል ልጅ ሰጥቷት ለእሷ ትሪያንግል የሚሉትን የሚመታ ብረት እንደሰጣት፣ ኬንድራ ደግሞ ኖታ እንኳ ማንበብ እንደማትችል፣ ዓለም ላይ ፍትሕ እንደሌለ ሳታቋርጥ ነገረችን። እየነገረችን ማቀዝቀዣውን ከፍታ የተረፈውን ማካሮኒ በአይብ ቆማ በላች፤ የኔን ድርሻም ጨመረች። ከዚያ እያጉረመረመች ወደ ክፍሏ ሄደች።

ሜሪቤት በሩን ስታይ ቆየች።

«እንዴት ነሽ አላለችኝም» አለች።

«አላለችሽም።»

«ክኒኑንም አልቆጠረችም።»

«አልቆጠረችም።»

«ጥሩ ነው» አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘርግታ አየቻቸውና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔም ለራት ሌላ ነገር መሥራት ስለነበረብኝ ተነሳሁ።