አበልጆች

ዳኛቸው የታንጉትን አራስ ልጅ ታቅፎ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። የታንጉት ጠበቃ አዜብ ከባጃጁ እንደወረደች ያየችው ይህንኑ ነው፤ ተከሳሹ የከሳሿን ሕፃን በጋቢው ጫፍ ከነፋሱ ሲከልል። የሕፃኑ አንገት ላይ አዲስ ማተብ ታስሯል። ባለፈው እሑድ ክርስትና መነሣቱን ሰምታለች፤ ክርስትና ያነሣው ማን እንደሆነ ግን የነገራት አልነበረም።

የዛሬው ቀጠሮ የታላቅየው፣ የሚሊዮን ነው። ሚሊዮን አምስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ አንገቱን አያቀናም፣ አፉን አልፈታም፣ እናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ግን ይስቃል። እሱ በተወለደ ቀን የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ዳኛቸው ታንጉትን ምጥ ላይ ትቶ ሠርግ ሄደ። ሲመለስ ሕፃኑ ታፍኖ ቆይቷል። ለዚህ ከታንጉት በቀር ምስክር የለም።

አዜብ ሌላ ዓይነት ጉዳይ አትይዝም። ባልደረቦቿ ከመሬት ክርክር ባገኙት ገንዘብ ቤት ሲሠሩ፣ እሷ በወሊድ ለተጎዱ ሕፃናት ከእስቴ እስከ ስማዳ ትንከራተታለች። «የሽባ ጠበቃ» ይሏታል፤ ስሙ አይከፋትም። ይበልጣል የሚባለው ወንድሟ ሲወለድ ተጎትቶ የሰለለ እጁን ይዞ ሲያድግ አይታለች። ተመርቃ ስትመጣ አባቷ ቄስ ቀለመ ወርቅ «ለወንድምሽ ያልተናገርነውን አንቺ ተናገሪ» ብለው መርቀዋታል። የታንጉትም የዳኛቸውም የንስሐ አባት እሳቸው ናቸው። ጉዳዩ በታንጉት ቃል ላይ ብቻ እንደቆመ ከወር በፊት የነገረቻቸው ራሷ አዜብ ናት።

አሁን ቄሱ ጥምጥማቸውን እያበጁ ከበሩ ጀርባ ብቅ አሉ።

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት አበልጅ ያደረጓቸው?»

«እርቅ ነው የሠራሁት፣ ልጄ። አበልጅ ካበልጁ አይካሰስም። አገሩ በሰላም ይደር ብዬ ነው።»

«ከእኔ የሰሙትን ይዘው?»

ቄሱ መስቀላቸውን ካንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ዳኛቸው ቢሸርብባት አዜብን ባልገረማት ነበር። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚሉት ለእሷ የተተረተ መሰላት፤ ቆራጩ ደግሞ የገዛ አባቷ።

ሚሊዮንን አዝላ አጠገባቸው የቆመችው ታንጉት ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። «አትቀየሚኝ፣ እቴ። ነገ ምጥ ቢይዘኝ እዚያ ተራራ ላይ ከሱ ሌላ ማን አለኝ? አባታችንም ክሱን እንድትተዪ ገዝቼሻለሁ አሉኝ።»

«ሚሊዮንስ ማን አለው?»

ታንጉት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ችሎቱ ተጀመረ። ዳኛው የእርቁን ነገር ሰሙና ታንጉት እንድትቀርብ አዘዙ። ሚሊዮንን ከጀርባዋ አወረደችና የሚይዝላት ሰው ፈለገች። ዳኛቸው አራሱን ታቅፏል። ቄሱ ራቅ ብለው ከኋላ ተቀምጠዋል። «ያዢልኝ» ብላ ለአዜብ አቀበለቻት።

ልጁ ካሰበችው በላይ ከባድ ነበር። ራሱ ክንዷ ላይ ወደቀ፣ ምራቁ የኮቷን እጅጌ አራሰው፤ ዓይኑን ብቻ አንሥቶ አይቷት እንደ ልማዱ ሳቀ።

«አበልጄን አልከስም» አለች ታንጉት፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ።

ዳኛው ወደ አዜብ ዞሩ። «ጠበቃ፣ የሚሉት አለ?»

አባቷ ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በልጅነቷ ይህ ድምፅ ሲሰማ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይል ነበር። ጠበቃ የሚናገረው ቆሞ ነው፤ ልጁን የምታስተኛበት ቦታ ግን አላገኘችም። የሚሊዮንን አንገት በመዳፏ ደግፋ አብራው ተነሣች።

«አለ» አለች።